ምዕራፍ 6፦ የተንቀሳቀሰው አውራ ጣት

በ1985 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ የሠሩትን መሣሪያ ይዘው ወደ ለንደን ተጓዙ። መድረሻቸው በነርቭ ሕክምና ስሙ የገነነው የኩዊን ስኩዌር ሆስፒታል ነበር። ይዘውት የሄዱት ነገር ለዓይን የሚማርክ አልነበረም፤ ኃይል የሚያጠራቅም ሳጥንና ከሳጥኑ ጋር በወፍራም ገመድ የተያያዘ የመዳብ ጥቅልል ነው። ጥቅልሉን አናት ላይ አስጠግተው ቁልፉን ሲነኩት “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በዚያው ቅጽበት የሰውየው እጅ ባለቤቱ ሳያዘው ይወራጫል፤ አውራ ጣቱ ብድግ ይላል። ፀጉር አልተላጨም፤ ቆዳ አልተበሳም፤ አጥንት አልተነካም። ሰውየውንም አላመመውም።

ያ የጣት እንቅስቃሴ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የሚገባን ከዚያ በፊት ወደ አንጎል ለመድረስ ይከፈል የነበረውን ዋጋ ስናውቅ ነው። በ1870 ጉስታቭ ፍሪትሽና ኤድዋርድ ሂትሲግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የውሻ ራስ ቅል ከፍተው አንጎሉን በደካማ ኮረንቲ ነካኩት። አንዱን ቦታ ሲነኩ የፊት እግሩ፣ ሌላውን ሲነኩ ፊቱ ተንቀሳቀሰ። ከአራት ዓመት በኋላ አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ ሮበርትስ ባርተሎ የተባለ ሐኪም ይህንኑ በሰው ላይ ሞከረው። ታካሚዋ ራስ ቅሏን የካንሰር ቁስል በልቶት አንጎሏ ለዓይን የሚታይ ምስኪን ሴት ነበረች። ሐኪሙ መርፌዎቹን አንጎሏ ውስጥ አስገብቶ ኮረንቲ ሲለቅ፣ ከተነካው በተቃራኒው ጎን ያሉት ክንዷና እግሯ ተንቀሳቀሱ። ሳይንሱ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ በዚህ ተገኝቶ ነበር። እሱ ግን ኮረንቲውን ጨመረ። ፊቷ በጭንቀት ተለወጠ፤ አለቀሰች፤ ከዚያም አንቀጠቀጣት፣ ራሷንም ሳተች። በቀናት ውስጥ ሞተች። የሙያ አጋሮቹ ድርጊቱን አወገዙት፤ እሱም መጸጸቱን በጽሑፍ ገለጸ።

አንጎልን ከውጭ ስለማነቃቃት የሚጽፍ ሰው ይህችን ሴት ዘልሎ ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። “ከውጭ” የምትለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳላት ያሳየችን እሷ ናት።

ከ1928 ጀምሮ በሞንትሪያል የሠራው ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ በተሻለ ጥንቃቄና በተሻለ ልብ ብዙ ርቀት ሄዷል። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ፣ የራስ ቅላቸውን ቆዳ ብቻ አደንዝዞ፣ ነቅተው እያነጋገሩት አንጎላቸውን በኮረንቲ እየነካ የትኛው ቦታ የትኛውን የአካል ክፍል እንደሚያዝ ካርታ አወጣ። ነገር ግን ይህ የሚቻለው ራስ ቅላቸው በሕመም ምክንያት መከፈት ባለበት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው አንጎሉ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ተብሎ ራሱ አይከፈትም።

ታዲያ ኮረንቲውን ከውጭ፣ በቆዳው ላይ መልቀቅ አይቻልም ነበር? ተሞክሯል። በ1980 ፓትሪክ ሜርተንና ባልደረባው ሞርተን በራስ ላይ በለጠፏቸው ሁለት ኮረንቲ አስተላላፊ ቁራጮች አማካይነት እጅግ አጭርና ኃይለኛ ኮረንቲ ለቀው እጅን ማንቀሳቀስ ችለዋል። ችግሩ የራስ ቅል አጥንት ለኮረንቲ ክፉ በር መሆኑ ነው። አብዛኛው ኮረንቲ አጥንቱን ማለፍ ሲያቅተው በቆዳው ላይ ይሰራጫል፤ የቆዳውን ነርቮችና የራስ ጡንቻዎችን ይመታል፤ ያማል። ለምርመራ ቢጠቅምም በደስታ ተመልሶ የሚመጣ ፈቃደኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ባርከር በሩን ትቶ በግድግዳው ገባ ማለት ይቻላል። መንገዱን ያገኘው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በተጻፈ ሕግ ውስጥ ነው። በ1831 ማይክል ፋራዳይ እንዳሳየው፣ የማግኔት መስክ በፍጥነት ሲለዋወጥ በአቅራቢያው ባለ ኮረንቲ አስተላላፊ ነገር ውስጥ አዲስ ኮረንቲ ይወለዳል። በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣው የኢንዳክሽን ምድጃ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ከምድጃው በታች ያለው ጥቅልል መስታወቱን አልፎ በድስቱ ብረት ውስጥ ኮረንቲ ይፈጥራል፤ መስታወቱ በራሱ አይግልም፣ ድስቱ ይግላል። በባርከር መሣሪያ ውስጥ የራስ ቅል እንደ መስታወቱ ነው፤ አጥንት ኮረንቲን ይከለክላል እንጂ ማግኔትን አይከለክልም። አንጎል ግን እንደ ድስቱ አይሞቅም፤ የሚፈጠረው ኮረንቲ ለቅጽበት የሚቆይ ትንሽ ነገር ነው፤ የነርቭ ሴሎችን ለመቀስቀስ ብቻ ይበቃል።

ለዚህ ሲባል በሺዎች የሚቆጠር አምፒር በጥቅልሉ ውስጥ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። የሚፈጥረው የማግኔት መስክ ከ1.5 እስከ 2 ቴስላ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከኤምአርአይ ማሽን ማግኔት ጋር የሚቀራረብ ኃይል ነው፤ ልዩነቱ መጥቶ የሚጠፋ መሆኑ ላይ ነው። “ቀጭ” የሚለውም ጥቅልሉ በዚያ ኃይል ሲንገጫገጭ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ስልቱ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲኤምኤስ ተባለ። ጥቂት ቆይቶም በጃፓን ሾጎ ኡዌኖ ሁለት ጥቅልሎችን እንደ 8 ቁጥር አጋጥሞ ኃይሉ በመካከላቸው ባለች ጠባብ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። አንድ ገደብ ግን እስካሁን አልተፈታም። የማግኔት መስክ ከጥቅልሉ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል፤ በተለመደው ጥቅልል የሚደረሰው ከራስ ቆዳ ሥር ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ነው። የአንጎል ውጪኛው ንጣፍ በእጃችን ነው፤ በጥልቁ ያሉት የስሜትና የትዝታ ማዕከሎች በቀጥታ አይደረስባቸውም።

ተመራማሪዎች ይህን መሣሪያ ለምን እንደወደዱት ለመግለጽ ከዶሮ ጩኸት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዶሮ ሲጮህ ይነጋል። ዶሮው ስለጮኸ ግን አልነጋም። ይህን የምናውቀው ዶሮ በሌለበት መንደርም ስለሚነጋ ነው። የአንጎል ፎቶ የሚያነሡ መሣሪያዎች በሙሉ የዶሮ ጩኸት ቆጣሪዎች ናቸው፤ ሰው ሲያነብ ይህ ቦታ ሥራ በዛበት፣ ሰው ሲፈራ ያኛው ቦታ በራ ይሉናል። ያ ቦታ ባይኖር ኖሮ ማንበቡ ወይም መፍራቱ ይቀር እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ያንን ለማወቅ ዶሮውን ለአፍታ ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል። ቲኤምኤስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በትክክለኛው ቅጽበት የተለቀቀ አንድ ምት የአንድን ቦታ ሥራ ለቅጽበት ያደናቅፋል፤ ከዚያ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። በ1989 ቫሄ አማሲያንና ባልደረቦቹ ፊደሎችን ለቅጽበት ብልጭ አድርገው ካሳዩ በኋላ፣ ከአንድ አስረኛ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በጭንቅላት ጀርባ በኩል ምት ሲለቁ፣ ተመልካቾቹ ፊደሎቹን መለየት ተሳናቸው። ምቱ ቀደም ካለ ወይም ከዘገየ ግን በደንብ ያያሉ። የማየት ሥራ ሰዓቱ ሳይቀር ተለካ ማለት ነው።

ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው የዓይነ ስውራን ጥናት ነው። የማየት ሥራ የሚከናወነው በጭንቅላታችን የኋላ ክፍል ነው። ታዲያ ከልጅነቱ ጀምሮ ማየት የተሳነው ሰው ይህ የአንጎል ክፍል ምን ይሠራል? ፎቶዎቹ እንዳመለከቱት ብሬል በጣት ሲነበብ ያ ክፍል ሥራ ይበዛበታል። እውነት ያነባል ወይስ ዝም ብሎ የጮኸ ዶሮ ነው? በ1997 ሊዮናርዶ ኮኸንና ባልደረቦቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል እያነበቡ ሳለ በዚያ ቦታ ላይ ምት ለቀቁ። አንባቢዎቹ ተሳሳቱ፤ አንዳንዶቹ ነጥቦቹ የጎደሉ ወይም የተዛቡ መሰላቸው። ዓይናማ ሰዎች በጣታቸው የጎላ ፊደል ሲለዩ ተመሳሳይ ምት ቢለቀቅባቸው አልተሳሳቱም። ለዓይን የተሰጠው ቦታ ለጣት እየሠራ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የተዘገበ አንድ ታሪክ ነገሩን አጸናው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነች ጎበዝ የብሬል አንባቢ የአንጎሏ የኋላ ክፍል በሁለቱም ጎን በስትሮክ ሲጎዳ ብሬል ማንበብ አቃታት። ጣቶቿ ነጥቦቹ መኖራቸውን ይነግሯታል፤ ትርጉማቸው ግን ጠፋባት። አንጎል የተሰጠው ቦታ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ እንደማይፈቅድ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ሌላው የምርምር መስክ ንቃተ ሕሊናን መለካት ነው። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማሲሚኒና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ሥራ የነቃንና የተኛን ሰው አንጎል በአንድ ምት መትተው ማሚቶውን በራስ ቆዳ ላይ በተለጠፉ የኮረንቲ መለኪያ ቁራጮች አደመጡ። በነቃ ሰው ማሚቶው ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ፣ መልኩን እየለዋወጠ ይሄዳል። በከባድ እንቅልፍ ግን እዚያው በተመታበት ቦታ ጮክ ብሎ ይጠፋል። ኋላ ላይ የማሚቶውን ውስብስብነት በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ ወጣለት። በአደጋ ወይም በስትሮክ አንጎላቸው ተጎድቶ መናገርም ሆነ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎች በውስጣቸው ንቁ ይሁኑ አይሁኑ ለመገመት የሚያገለግል መንገድ ሆኗል። በአልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ “ይሰማኝ ይሆን?” እያለ የሚጠይቅ ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ስለ አንድ ቃል መነጋገር አለብን። በዕለት ንግግራችን “ደበረኝ” የምንለው ነገር ቡና ሲጠጡ፣ ከሰው ጋር ሲጫወቱ የሚለቅ ነው። ሐኪሞች ድብርት የሚሉት በሽታ ግን ለሳምንታትና ለወራት እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ተስፋን የሚነጥቅ፣ አንዳንዱንም ሕይወቱን የሚያሳጣ ነው። ከታማሚዎቹ ቀላል የማይባሉት መድኃኒት ቀይረው ቀያይረው አይሻላቸውም። ቲኤምኤስ በሕክምና ዓለም ስሙን ያገኘው በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ነው።

ሐሳቡ የተነሣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ማርክ ጆርጅ በአሜሪካ፣ አልቫሮ ፓስኳል ሊዮኔ ደግሞ በስፔን ከሠሩት ሥራ በመነሣት ከግንባር በስተ ግራ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል በየቀኑ መምታት ድብርትን እንደሚያቀል ዘገቡ። ያ ክፍል በድብርት ጊዜ ሥራው እንደሚቀዘቅዝ፣ በጥልቁ ካለው ከሐዘን ጋር ከሚያያዝ ቦታም ጋር በነርቭ መረብ እንደሚገናኝ ይታሰባል። እጃችን ወደማይደርስበት ቦታ በዘመዱ በኩል መልእክት መላክ ነው።

ሕክምናው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ታካሚው ነቅቶ፣ ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ ይቀመጣል። ድምፁ ስለሚያውክ ጆሮው ላይ መከላከያ ያደርጋል። ከዚያ ባለሙያው ጥቅልሉን በአናቱ ላይ እያዘዋወረ የተቃራኒውን እጅ ያያል። የሚፈልገው አውራ ጣትን ነው። አውራ ጣት በምን ያህል ኃይል ብድግ እንደሚል ታይቶ የሕክምናው ልክ ለዚያ ሰው ይወሰናል። ለረጅም ጊዜ ቦታውም የተገኘው በዚያው በአውራ ጣት ነው፤ ጣቷን ከምታንቀሳቅሰው ነጥብ አምስት ሴንቲሜትር ወደፊት ይለካና እዚያ ይመታል። የሰው ጭንቅላት መጠኑ እኩል ስላልሆነ ይህ ልኬት ብዙዎችን ይስታል፤ ዛሬ በኤምአርአይ ምስል ታግዞ ቦታውን መምረጥ እየተለመደ ነው። በተለመደው አሠራር በአንድ ቀን ወደ 3,000 ምቶች በሠላሳ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይለቀቃሉ። ቆዳ ላይ ግንደ ቆርቁር እየቆረቆረ ያለ ይመስላል ይላሉ። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ታካሚው ሲጨርስ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ይህ ሕክምና በ1938 ሮም ውስጥ ከተጀመረው፣ ብዙዎቻችን በፊልም አይተን ከምንፈራው የኮረንቲ ሕክምና የተለየ ነው። ያኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ሆን ተብሎ የሚጥል ሕመምን የሚመስል መንቀጥቀጥ የሚያስነሣ ነው፤ ለከባድ ድብርት ዛሬም ከሁሉ የጠነከረው ሕክምና ነው፤ ከጊዜያዊ የትዝታ መጥፋት ጋርም ይመጣል። በቲኤምኤስ መንቀጥቀጥ እንዳይነሣ ይጠነቀቃሉ፤ ሲደርስም ከሺህ ታካሚ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ምን ያህል ይሠራል? እዚህ ላይ አንባቢዬ በጥሞና እንዲከተለኝ እለምናለሁ። ልብ የተሰበረ ሰው በየቀኑ ከቤቱ ወጥቶ፣ ስሙን የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ፣ አስደናቂ መሣሪያ ተደርጎለት ሲመለስ መሣሪያው ባዶ ቢሆንም እንኳ ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ ሐቀኛ ጥናት ግማሾቹን ታማሚዎች በማስመሰያ ያክማል፤ ጥቅልሉ እንደ እውነተኛው ይጮሃል፣ ቆዳውም ይቆረቆራል፣ ወደ አንጎል ግን የሚገባ የለም። በ2010 በ190 ሰዎች ላይ በዚህ መልክ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት ውጤቱ ይህ ነው፤ እውነተኛውን ካገኙት መካከል 14 በመቶው፣ ማስመሰያውን ካገኙት 5 በመቶው ከድብርቱ ነጻ ወጡ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። በ2018 በ164 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አባላት የነበሩ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል፤ በእውነተኛው 41 በመቶ፣ በማስመሰያው 37 በመቶ ተሻላቸው። ብዙዎቹ ዳኑ፤ ያዳናቸው ግን ማግኔቱ ነው ለማለት አይቻልም። ትኩረትና እንክብካቤ ምን ያህል መድኃኒት እንደሆኑ የሚያሳይ ጥናት ነው ባይ ነኝ።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለድብርት የሚሆነውን የመጀመሪያ መሣሪያ በ2008 ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ለማይግሬን፣ ሐሳብ እየደጋገመ ለሚያስጨንቀው ሕመም፣ ሲጋራ ለማቆምም የተፈቀዱ አሉ። ራስ ምታትን በኮረንቲ ማከም ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የሮም ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርጉስ ኮረንቲ የሚለቅ የባሕር አሳ ግንባር ላይ ያስቀምጥ ነበር። የዚያ ዓይነት ጠባይ ያለው አምባዛ በእኛም በአባይ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ይኖራል።

ሥራው እየፈጠነም ነው። በ2018 በካናዳ 414 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ምቶቹን በልዩ ምት ስልት አጠጋግቶ በሦስት ደቂቃ መጨረስ ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ ተኩሉ እንደማያንስ ታየ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኖላን ዊሊያምስና ባልደረቦቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ቦታ በአንጎል ምስል መርጠው፣ በቀን አሥር ጊዜ፣ ለአምስት ቀን አከሙ። ከማስመሰያ ጋር ባወዳደሩበት ጥናት እውነተኛውን ካገኙት 14 ሰዎች 11ዱ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 15 ሰዎች 2ቱ በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ከድብርቱ ነጻ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ቁጥሩ ያጓጓል። ሰዎቹ ግን 29 ብቻ ናቸው፤ በብዙ ሆስፒታሎችና በብዙ ሰዎች ላይ ሲደገም እስክናይ ደስታችንን በልክ እንያዝ። በስትሮክ ላይ የደረሰው ያስተምረናል። ክንዳቸው የደከመ ታማሚዎችን ጤነኛውን የአንጎል ጎን በማቀዝቀዝ ማገዝ ይቻላል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር፤ በ199 ሰዎች ላይ በማስመሰያ ተወዳድሮ ሲመረመር ልዩነት አልተገኘም። የሁለቱም ወገን ታማሚዎች ተሻሻሉ፤ ያሻሻላቸው አብሮ የተሰጠው የእጅ ልምምድ ነበር ብሎ ማመን ይቀላል።

የቀረው በባትሪ የሚሠራው የኮረንቲ ስልት ጉዳይ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በ2000 በጀርመን ጎቲንገን ማይክል ኒትሸና ዋልተር ፓውሉስ በጨው ውኃ በራሰ ስፖንጅ አማካይነት እጅግ ደካማ ኮረንቲ ለደቂቃዎች በራስ ላይ አሳለፉ። ኮረንቲው ጣት አያንቀሳቅስም። አንጎል በማግኔት ሲመታ እጅ የሚሰጠው ምላሽ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ኮረንቲው አቅጣጫ ይበልጥ ከፍ ወይም ዝቅ አለ። ቲዲሲኤስ የተባለው ይህ ስልት ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፒር ይጠቀማል፤ ርካሽና ቀላል ነው። ርካሽነቱ ነው ጣጣ ያመጣው። በበይነ መረብ አይተው 9 ቮልት ባትሪና ስፖንጅ አያይዘው ለፈተና ትዝታቸውን ለማሳደግ ቤታቸው ውስጥ የሚሞክሩ ወጣቶች በዙ።

ሳይንሱ ያን ያህል ድፍረት አይሰጥም። በአስከሬን ላይ በተደረገ መለኪያ ሦስት አራተኛው ያህል ኮረንቲ ቆዳውንና አጥንቱን ማለፍ ሳይችል ይቀራል። በ2017 በብራዚል በ245 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ለድብርት ከተለመደው መድኃኒት የማያንስ መሆኑን ማሳየት አልቻለም፤ በ2023 በጀርመን በ160 ሰዎች ላይ በተደረገው ደግሞ ከማስመሰያው አልበለጠም። ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶችም አሉ፤ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። በ2016 በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለነዚህ ወጣቶች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። ስፖንጁ ከተለጠፈበት ቦታ ውጭ ያለውም አንጎል እንደሚነካ፣ አንዱን ችሎታ ሲያሳድጉ ሌላው ሊጎዳ እንደሚችል፣ አንዱን የጠቀመ ሌላውን ላይጠቅም እንደሚችል፣ ለውጡም ሊቆይ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። እነሱ ራሳቸው መሣሪያውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ማስጠንቀቂያቸው የሚከብደው ለዚህ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ባትሪ ጭንቅላታችሁ ላይ አታድርጉ። በቤታችሁ መድኃኒት ያልረዳው የድብርት ታማሚ ካለ ግን ቲኤምኤስን በኮረንቲ ፍርሃት አትሽሹት። በአሜሪካ ብዙ የጤና መድን ድርጅቶች መድኃኒት ላልረዳው ሰው ይከፍሉለታል፤ በእንግሊዝም ከ2015 ጀምሮ ለዚሁ ጥቅም የሚመከር ሕክምና ነው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ በጭንቅላት ውስጥ የቀረ ብረት፣ ለመስማት የተተከለ መሣሪያ ወይም ከዚህ በፊት የጣለ የሚጥል በሽታ ካለ በመጀመሪያ ተናገሩ። ቦታው በምን እንደሚመረጥ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ካልሠራ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒትም ሐኪማችሁ ሳያውቅ አታቋርጡ።